ከጨረር ሕክምና ዓመታት በኋላ የሚመጣ የሽንት ፊኛ ሕመም

በካምፓችን ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት

በሬዲዮ ያቀረብነውን ትምህርት ያልሰማችሁት እንድታነቡት፣ የሰማችሁትም ደግማችሁ እንድታዩት በዚህ ወረቀት አትመነዋል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችና ጎረቤቶች ብታነቡላቸው ደግሞ ደስታችን እጥፍ ይሆናል።

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ አንዲት እናት በሰው አስጽፈው የላኩልን ጥያቄ ነው። ስማቸውንም ሆነ የሚኖሩበትን ብሎክ አንጠቅስም። እንዲህ ይላል፦

«ከስምንት ዓመት በፊት የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶብኝ ናይሮቢ ድረስ ተልኬ የጨረር ሕክምና ወሰድኩ። ድኜም ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ። አሁን ደግሞ ደም ቀላቅሎ አየሁት። አንዷ ጎረቤቴ ብርድ ነው አለችኝ። ሌላዋ ካንሰሩ ተመልሶ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም አይደረግልሽም አለችኝ። ሽንት እንዳይበዛብኝ ብዬ ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ምን ላድርግ?»

እናታችን፣ ሳይደብቁ ስለጠየቁን እናመሰግናለን። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የመልሱን ፍሬ ነገር እንንገርዎት። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ሕመም የግድ ካንሰሩ ተመልሷል ማለት አይደለም። የጨረር ሕክምና በሽንት ፊኛ ላይ ጥሎት የሚሄደው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጠባሳ ነው ብሎ ዝም ማለትም አይገባም፤ ደም የታየበት ሽንት ሁልጊዜ መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ ውሃ መቀነሱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ምክንያቱን ደግሞ አንድ በአንድ እናያለን።

የጨረር ሕክምና ምንድን ነው?

ጨረር በዓይን የማይታይ፣ ሲነካንም የማይሰማን ኃይል ነው። ራጅ ለማንሳት ከሚውለው ጨረር ጋር ዘመድ ቢሆንም ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ጉልበቱ እጅግ ይበልጣል።

ሰውነታችን ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ በጣም ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። ካንሰር ማለት ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር በሽታ ነው። ጨረሩ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚመራበትን ዲኤንኤ የተባለ የውስጥ መመሪያ ይበጥሰዋል። መመሪያው የተበጠሰበት ሕዋስ ለመባዛት ሲሞክር ይሞታል። ጤነኛ ሕዋሳትም በጨረሩ ይጎዳሉ፤ ነገር ግን ጉዳታቸውን ለመጠገን ከካንሰር ሕዋሳት የተሻለ አቅም አላቸው። ሐኪሞች ጨረሩን በአንድ ቀን ከመስጠት ይልቅ በብዙ ቀናት ከፋፍለው የሚሰጡትም ጤነኛው አካል በመሐል የመጠገኛ ጊዜ እንዲያገኝ ነው።

ለማኅፀን በር ካንሰር ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ከውጭ የሚሰጠው ነው። ሕመምተኛዋ አልጋ ላይ ተጋድማ መሣሪያው በዳሌዋ ላይ ጨረር ይለቃል። ይህ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ ለ5 ሳምንት ያህል፣ በድምሩ ወደ 25 ጊዜ ይደጋገማል። ሁለተኛው ከውስጥ የሚሰጠው ነው። ትንሽ የጨረር ምንጭ በቀጭን ቱቦ በብልት በኩል ገብቶ ማኅፀን በር አጠገብ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናርም። ይህን ሕክምና ጨርሳ የመጣች ሴት ሰውነቷ ውስጥ ጨረር አይቀርም። አብሯት የበላ፣ አብሯት የተኛ፣ ልጁን ያሳቀፋት ሰው በጨረር አይጎዳም። ካንሰሩም ቢሆን እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የታከመው ማኅፀን ነው፤ ታዲያ የሽንት ፊኛ ለምን ይነካል?

ምክንያቱ ጉርብትና ነው። በዳሌያችን ውስጥ ያሉት አካላት በጠባብ ቦታ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። የሽንት ፊኛ ከማኅፀን በር ፊት ለፊት ተጠግቶ ይገኛል፤ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ደግሞ ከበስተኋላው ነው። በማኅፀን በርና በፊኛው መካከል ያለው ስስ ሥጋ ብቻ ነው። በአንድ አልጋ ከተኙ ሁለት ልጆች በአንዱ ላይ ውሃ ቢደፋ ሌላውም ሳይረጥብ እንደማይቀር፣ ማኅፀን በር ላይ ያነጣጠረ ጨረርም ጎረቤቱን ፊኛ በመጠኑ ይነካዋል።

ይህ ጉዳይ የሴቶች ብቻ አይደለም። በወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ ሥር ይገኛል። በመሆኑም ለፕሮስቴት ካንሰር፣ እንዲሁም በወንድም በሴትም ለትልቁ አንጀት መጨረሻ ካንሰር ጨረር የወሰደ ሰው ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ይመለከተዋል።

ጤነኛ ፊኛ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መለጠጥ ነው። ሽንት ሲሞላው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ በአዋቂ ሰው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ የሚያህል ሽንት ሊይዝ ይችላል። ሌላው መከላከል ነው። የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን፣ ሸራ ዝናብን እንደሚከለክል፣ ሽንት ወደ ሥጋው እንዳይሰርግ ይከለክላል። ጨረር ሁለቱንም ሥራዎች ሊያበላሽ ይችላል።

ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ለምንድን ነው?

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ይህ ጥያቄ ነው። «ያኔ ደህና ነበርኩ፤ ዛሬ ከየት መጣ?» ይላሉ። እጁን እሳት ያቃጠለውን ሰው አስቡ። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ጠባሳው ግን ከዚያም በኋላ ለወራት እየጠነከረና እየተኮማተረ ሄዶ ጣቱን እንዳይዘረጋ ሊያደርገው ይችላል። የጨረር ጉዳትም እንዲሁ በሁለት ጊዜ ይከፈላል።

የመጀመሪያው በሕክምናው ወቅትና ከሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የሚታየው ነው። የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ሽንት ያቃጥላል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ሲተካ በራሱ እየቀነሰ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ከ6 ወር በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ከ10 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚጀምርበት ሰውም አለ። የዚህ ምንጩ በአብዛኛው ትንንሽ የደም ሥሮች ናቸው። የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ የሸፈኑት ሕዋሳት የሚባዙት በጣም በዝግታ ነው። ጨረር የነካው ሕዋስ ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ለመባዛት ሲሞክር ነው። ስለዚህ በጨረሩ የተጎዱት ሕዋሳት ተራቸው እስኪደርስ ለወራትና ለዓመታት ጤነኛ መስለው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ።

መጀመሪያ የደም ሥሮቹ ግድግዳ እየወፈረ መተላለፊያው ይጠባል። የመስኖ ቦይ በደለል ሲሞላ ዳር ያለው ማሳ ውሃ እንደሚያጣ ሁሉ፣ የፊኛው ሥጋም የሚበቃውን ደም ያጣል።

ቀጥሎ ሰውነታችን የሞተውን ሥጋ በጠባሳ ይተካዋል። ጠባሳ ደግሞ አይለጠጥም። በደንብ የለፋ ቆዳና ሳይለፋ የደረቀ ቆዳ ያላቸውን ልዩነት ታውቃላችሁ። የለፋው እንደፈለጉት ይታጠፋል፤ የደረቀው ግን ግትር ነው። ጠባሳ የሞላበት ፊኛም እንደ ደረቁ ቆዳ ይሆናል። ግማሽ ሊትር ይይዝ የነበረው አንድ የሻይ ብርጭቆ በማይሞላ ሽንት ይጨናነቃል። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣው፣ ሲመጣም ፋታ የማይሰጠው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ሰውነት ያጣውን ደም ለማግኘት ሲል አዳዲስ የደም ሥሮችን ያበቅላል። እነዚህ ግን ስስና ደካማ በመሆናቸው በቀላሉ ይፈነዳሉ። ያለ ምንም ሕመም ሽንት ድንገት ቀይ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ከእነዚህ ነው።

ስንት ሰው ላይ ይደርሳል?

ጨረር የወሰደ ሁሉ በዚህ ይታመማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ከ1,300 በላይ የማኅፀን በር ካንሰር ሕመምተኞች የተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ በሽንት አካላት ላይ ከባድ ችግር የገጠማቸው ከ100 ሴቶች ወደ 7 የሚጠጉ መሆናቸውን አሳይቷል። ቀለል ያለ ችግር የሚገጥማቸው ከዚህ ይበዛሉ። ይህ ጥናት የተካሄደው የጨረሩን ቦታና መጠን በምስል እያዩ በሚለኩ ዘመናዊ መሣሪያዎች መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ጉዳቱ የሚበረታው የተሰጠው የጨረር መጠን ከፍ ያለ ሲሆን፣ በዳሌ ውስጥ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ከነበረ፣ እንዲሁም የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ካለ ነው። ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ጉዳቱን በግልጽ ያባብሰዋል፤ የጠበበውን የደም ሥር ይበልጥ ያጠበዋልና። ከእነዚህ ሁሉ በእጃችን ያለው ሲጋራን መተው፣ ስኳርና ግፊትንም በመድኃኒት መቆጣጠር ነው።

ሽንት ላይ የሚታይ ደም ሁሉ የጨረር ጉዳት ነውን?

አይደለም። በክሊኒክ ሳይመረመሩ «ብርድ ነው» ወይም «የጨረሩ ነው» ብሎ መተው አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽንትን ደም የሚያስመስሉ ወይም ደም የሚያመጡ ሌሎች ነገሮች እነዚህ ናቸው።

• የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ማቃጠል፣ መጥፎ ሽታና ትኩሳት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በጨረር የተጎዳ ፊኛ ለኢንፌክሽንም በቀላሉ ይጋለጣል።

• ቢልሃርዚያ። በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች፣ በሱዳን፣ በደቡብ ሶማሊያ በጁባና በሸበሌ ወንዞች ዳር፣ በኬንያም በጣና ወንዝና በባሕር ዳርቻው አካባቢ የኖረ ሰው ሽንትን የሚያደማው ዓይነት ሊኖርበት ይችላል።

• የኩላሊትና የፊኛ ጠጠር። በሙቀት አገር ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ለዚህ ይጋለጣል።

• የካንሰሩ መመለስ ወይም በፊኛው ላይ አዲስ ካንሰር መነሣት። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ጨረር ከተወሰደ ከብዙ ዓመታት በኋላ የፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድል በመጠኑ ከፍ ይላል። ቶሎ ከተገኘ ሊታከም ይችላል።

• ከብልት የሚመጣ ደም። ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወርድ ከፊኛ የመጣ ሊመስል ይችላል። ሽንት ሳይሸኑ የውስጥ ልብስ ላይ ደም ከታየ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩ።

• ምግብና መድኃኒት። ቀይ ሥር የበላ፣ ወይም ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ይህ ደም አይደለም።

ክሊኒክ ስትሄዱ ምን ትናገራላችሁ?

በካምፕ ክሊኒክ ብዙ ሕመምተኛ ይጠብቃል፤ ጊዜውም አጭር ነው። «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ብቻ ብትሉ የኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ እንዳለ ይቆያል፤ እንደገናም ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። እንዲህ እየተመላለሱ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የሚያክማችሁ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ጨረር መውሰዳችሁን ካልነገራችሁት ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «በዚህ ዓመት፣ ለዚህ በሽታ፣ በዳሌዬ ላይ የጨረር ሕክምና ወስጃለሁ።»

ከዚያም ሽንት በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ የረጋ ደም መኖር አለመኖሩን፣ ሽንት ያመልጣችሁ እንደሆነም ንገሩ። ለማስተርጎም የጎረቤት ልጅ ከመውሰድ የክሊኒኩን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሴቶች ሴት አስተርጓሚ ብትሆንልን ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የሆስፒታል ወረቀታችሁን ከራሽን ካርዳችሁ ባልተናነሰ ጠብቁት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዝናብና አይጥ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ናይሮቢ የሚገኘው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል በኬንያ፣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጥባቸው ብቸኛ የመንግሥት ሆስፒታሎች ስለነበሩ ብዙዎቻችሁ ወረቀታችሁ ከእነዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወደ ሦስተኛ አገር የምትሄዱም ወረቀቱን በሻንጣ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት። የጨረር ጉዳት ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣ፣ ያኔ የሚያክማችሁ ሐኪም ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ምርመራውና ሕክምናው

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። በክሊኒክ ሽንት ይመረመራል፤ የደም ማነስ መኖሩም ይታያል። ኢንፌክሽን ካልሆነ፣ ወይም ከታከመም በኋላ ደሙ ካልጠፋ፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ አለበት። እዚያ በአልትራሳውንድ ይታያል። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫ በኩል ገብቶም የፊኛው ውስጥ ይታያል። ጠባሳ ይሁን ካንሰር የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው። በጨረር የተጎዳ ፊኛ ሲቆረጥ በቀላሉ ስለማይድን፣ ሐኪሙ ለምርመራ ሥጋ ቆርጦ የሚወስደው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የተፈጠረውን ጠባሳ ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ሕመሙን የሚያቀልና ደሙን የሚያቆም ሕክምና ግን አለ። የፊኛን መኮማተር የሚያረጋጉ፣ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ እንክብሎች ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱን ይቀንሳሉ። የረጋ ደም ፊኛውን ከዘጋው በሆስፒታል በቱቦ እየታጠበ ይጸዳል፤ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ደም ይሰጠዋል። የሚደማው የደም ሥር በመሣሪያ የሚተኮስበት፣ ፊኛው ውስጥ መድኃኒት የሚጨመርበት መንገድም አለ። በሌሎች አገሮች ሕመምተኛው በታሸገ ክፍል ውስጥ ግፊቱ ከፍ ያለ ኦክስጅን ለብዙ ቀናት እንዲተነፍስ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን አውሮፓ አገሮች ተካሂዶ የታተመ ጥናት ይህ ሕክምና ብዙዎችን እንደረዳ አሳይቷል። ወደነዚያ አገሮች የምትሄዱ ሐኪማችሁን ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሁሉም አልሆን ሲል ሽንት በሌላ መንገድ እንዲወጣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው አማራጭ ነው።

አልፎ አልፎ ጨረሩ የጎዳው ሥጋ ተበስቶ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ በብልት በኩል ይፈስሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ፊስቱላ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው በምጥ መርዘም የሚመጣውንና እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ሆስፒታል ሲያክሙት የኖሩትን ነው። የጨረሩ ፊስቱላ ምንጩ ሌላ ነው። በዙሪያው ያለው ሥጋ ደም ስለሚያጥረው መጠገኑም ይከብዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል። ከባድ ነው ማለት ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ ተደብቆ የሚኖሩበትም ነውር አይደለም።

በቤታችሁ ልታደርጉት የምትችሉት

ውሃ ጠጡ። ጠያቂያችን ያደረጉትን ብዙዎች ያደርጉታል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ውሃ ሲቀንስ ሽንት ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት የቆሰለውን ፊኛ ይበልጥ ያቃጥለዋል። የረጋ ደምም አጥቦ አያወጣም። የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ኖሮባችሁ ሐኪም ውሃ ካልከለከላችሁ በቀር በቀን 2 ሊትር ያህል፣ በሙቀት ጊዜ ከዚያም በላይ ጠጡ። የበቃችሁ መሆኑን በሽንታችሁ ቀለም ታውቃላችሁ፤ ነጣ ካለ በቂ ነው። ውሃውን ቀን ቀን ጠጥታችሁ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብትቀንሱ ሌሊት መነሣቱ ይቀላል። ከቧንቧው ወረፋ ውሃ የምታመጣው ልጅ ካለች፣ የእናቷ ድርሻ ለምን እንደጨመረ ንገሯት።

ቡና፣ ጠንካራ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አልኮልና በርበሬ የበዛበት ወጥ ፊኛን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ሁሉንም በአንዴ መተው ከባድ ነው። አንዱን ለአንድ ሳምንት ትታችሁ ለውጡን ተመልከቱ፤ ሦስቱን ስኒ ቡና ወደ አንድ ማውረድም ጥሩ ጅምር ነው።

ፊኛችሁን አለማምዱ። ሽንት ሲመጣ ወዲያው ከመነሣት 5 ደቂቃ ለመታገሥ ሞክሩ፤ ሲለመድ 10 ደቂቃ አድርሱት። ሽንት እንደሚቋጥር ሰው የታችኛውን ጡንቻ ለ5 ሰኮንድ ጨብጦ መልቀቅ፣ ይህንንም 10 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት ሽንት ማምለጡን ይቀንሳል። ተቀምጣችሁም ተኝታችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ማንም አያውቅባችሁም።

ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መሄድ ለሚያስፈራችሁ ክዳን ያለው ፖፖ ወይም ባልዲ ቤት ውስጥ አስቀምጡ፤ ጠዋት ደፍታችሁ እጠቡት። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደም ሊያበዙ ስለሚችሉ ከሱቅ ገዝታችሁ አትውሰዱ። ሐኪም ያዘዘላችሁን የደም ማቅጠኛ ግን በራሳችሁ ሳታቋርጡ ጠይቁ።

ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ የምትሄዱባቸው ምልክቶች

• ሽንት ውስጥ የረጋ ደም ሲታይ፣ ወይም ሽንት ፈጽሞ አልወርድ ሲል
• ደሙ በዝቶ ራስ ሲያዞር፣ ልብ ሲመታ ወይም ሰውነት ሲዝል
• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ውጋት ጋር ሲመጣ
• ሽንት ያለማቋረጥ በብልት በኩል ሲፈስስ
• የሽንት መጠን በጣም ሲቀንስና እግር ሲያብጥ

እነዚህ እስኪነጋ ወይም ሰኞ እስኪደርስ የሚጠበቁ አይደሉም።

ለባለቤቶችና ለቤተሰብ

አንዳንድ ባሎች ሚስታቸው ሌሊት ስትመላለስ ሲያዩ፣ ደምም ሲያዩ፣ የአባለዘር በሽታ ይመስላቸዋል። አይደለም። ከሌላ ሰው የመጣ፣ ወደ እናንተም የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ሕይወቷን ያተረፈው ሕክምና የተወው ጠባሳ ነው። አብራችሁ ክሊኒክ ሂዱ፤ ሌሊት ፋኖስ ያዙላት፤ ጀሪካኑን ተሸከሙላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰው በሽታውን እንዳይደብቅ ደግሞ በቤቱ የሚሰማው ማግኘት አለበት።

እንግዲያው ጨረር መውሰድ ይቅር ወይ?

ይህን ያነበበች፣ ነገ ጨረር እንድትጀምር የተነገራት እህት ልትፈራ ትችላለች። እንዳትቀሪ እንላታለን። ከማኅፀን በር አልፎ ወደ ዙሪያው የተስፋፋን ካንሰር ቀዶ ሕክምና ብቻውን አያድነውም፤ ጨረር ግን ብዙ ሴቶችን አድኗል። ካልታከመ ካንሰሩ ራሱ ፊኛውን ይበሳል፣ ኩላሊትንም ይዘጋል፤ ሕይወትንም ያሳጣል። ይልቁንስ ከመጀመርሽ በፊት «ፊኛዬንና አንጀቴን ለመጠበቅ ምን ታደርጋላችሁ? ከጨረስኩ በኋላስ ለምርመራ መቼ ልመለስ?» ብለሽ ጠይቂ። ያልታመሙትም የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። ለውጡ ካንሰር ሳይሆን ከተደረሰበት ጨረር በማያስፈልገው ቀላል ሕክምና ይድናልና።

እናታችን፣ መልሳችንን እንቋጭ። ጎረቤትዎ ካንሰሩ ተመልሷል ማለታቸውን እኛ በሬዲዮ ልናረጋግጥም ልናስተባብልም አንችልም፤ ያንን የሚለየው ምርመራ ነው። «ምንም አይደረግልሽም» ያሉት ግን ስሕተት ነው። ነገ ጠዋት ውሃዎን ጠጥተው፣ የናይሮቢውን ወረቀት ይዘው፣ ቢቻል ከባለቤትዎ ጋር ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገርም ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፤ ለጎረቤት አስተላልፉት።